ኦራል ላይ የኤሌክትሪክ ዊንች ስትገጥም ከዊንቹ በፊት ኬብሉንና ሻንሲውን አስብ

ክረምት ላይ ጃማ መረሬ ውስጥ እስከ አክሰሉ የገባ ወይ ቆቦ ጎሊና አሸዋ ላይ የቆመ ኦራል (የሩሲያው ከባድ የጭነት መኪና) ላየ ሰው ዊንች፣ ማለትም ገመድ ጠቅልሎ መኪና የሚጎትት ማሽን፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያሻም። ችግሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስንት ቶን ይጎትታል ብሎ ብቻ ነው፣ ገዝቶ ሲያበቃ ቀጭን ኬብል ስቦበት ፓራውልት (የፊት መከላከያ ብረት) ላይ ያስረዋል። ዊንች ጉልበቱን የሚያገኘው ከባትሪው ነው፣ የሚቆመው ደሞ ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ ነው፣ ሁለቱ ካልተስተካከሉ የትኛውንም ብትገዛ ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ቮልቱን እይ። ኦራል 4320 ላይ ሁለት 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት ነው የሚሰጡት፣ ስለዚህ ዊንቹም 24 ቮልት መሆን አለበት። ዚል 131 ግን 12 ቮልት ነው፣ አታምታታው። አንዳንዱ ርካሽ 12 ቮልት ዊንች አግኝቶ ኦራሉ ላይ ካለው ካንዱ ባትሪ ብቻ ይስባል፣ እባክህ ይሄን አታድርግ። አንዱ ባትሪ ሁሌ ይራባል ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ይሞታሉ።

መጠኑን በተመለከተ ኦራል ባዶውን ከ8 ቶን ከፍ ይላል፣ 5 ቶን ጭነህበት 13 ቶን በለው። የተለመደው ሂሳብ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፣ ይሄ ወደ 20 ቶን ይሄዳል። ገበያ ላይ ያለው ትልቁ የተለመደ የኤሌክትሪክ ዊንች ደሞ 20,000 ፓውንድ ነው፣ 9 ቶን አካባቢ። ስለዚህ ካሩኮላ (ገመድ የሚዞርበት መዘውር) የግድ ነው፣ ገመዱን በካሩኮላ አዙረህ ወደ መኪናው ስትመልሰው ጉልበቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ያ 9 ቶን የተባለው ደሞ ገመዱ ከበሮው ላይ የመጀመሪያው ድርብ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፣ ድርቡ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ገመዱን ብዙ ዘርግተህ ጎትት።

ወደ ሻንሲው እንምጣ። ፓራውልቱ ብቻውን ዊንች አይሸከምም። ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ላሜራ መቀመጫ አሰርተህ ከሁለቱም የሻንሲ ጎኖች ጋር በብሎን እሰረው፣ ብሎኑ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የተጻፈበት ይሁን፣ ከብረታ ብረት ሱቅ ያገኘኸውን ያልተጻፈበት ብሎን ተወው። ቀዳዳው የሻንሲው ጎን ላይ ይሁን እንጂ የላይና የታች ከንፈሩ ላይ አይቀደድ፣ ጭነቱን የሚይዘው እሱ ነው። ሻንሲውን ራሱን አትበይድ፣ ብየዳው ያለበት ቦታ ይዳከምና መሰንጠቅ ይጀምራል። መቀመጫውን ግን መኪናው ላይ ሳይወጣ ለብቻው አስበይደው። ሲቀመጥ የራዲያተሩን አየር እንዳይዘጋ ከፊት ሆነህ ተመልከት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ስትወጣ ሞተሩ ቢሞቅብህ ያኔ ነው የምታውቀው።

አሁን ዋናው፣ ኤሌክትሪኩ። ትልቅ 24 ቮልት ዊንች ሙሉ ጭነት ላይ ወደ 250 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። ከባትሪ ሳጥኑ እስከ ፊት ፓራውልት ድረስ 4 ሜትር ቢሆን ሄዶ መልስ 8 ሜትር መዳብ ነው። 25 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ኬብል ብትጠቀም በ250 አምፔር 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ኬብሉም ይግላል። 70 ካሬ ብታደርገው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው የምታጣው። ስለዚህ 70 ካሬ፣ ተጣጣፊ የብየዳ ኬብል ዓይነት፣ ጫፉ ላይ የመዳብ ጆሮ በፕሬስ ተጨምቆ። በፒንሳ ተጨምቆ በቴፕ የተጠቀለለ ጆሮ እዛው ይቀልጣል።

ፖዘቲቩን ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘው ድልድይ ከሌለበት ፖዘቲቭ ጫፍ ውሰድ። ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርበህ ትልቅ ፊውዝና ማጥፊያ አስገባ፣ ፊውዙ ከዊንቹ ከፍተኛ አምፔር ትንሽ ከፍ ያለና ለ24 ቮልት መኪና የተሰራ ይሁን። ኬብሉ ሻንሲ ላይ ተሻሽቶ ቢላጥና ፊውዝ ባይኖር መኪናው ይቃጠላል፣ ሌላ ነገር የለም። በጎማ ቱቦ ሸፍነህ ከጭስ ማውጫውና ከሚንቀሳቀስ ነገር አርቀህ በየእጅ ርዝመቱ እሰረው።

ኔጌቲቩ ላይ ብዙ ኤሌትሪሺያን የማያስበው ነገር አለ። ኦራል የማሳ (የኔጌቲቭ መስመር) ማጥፊያ አለው፣ ባትሪውን ከሻንሲው የሚለየው። የዊንቹን ኔጌቲቭ ቀጥታ ባትሪው ላይ ካሰርከው፣ የብዙ ዊንቾች ሞተር ማሳው ከዊንቹ አካል ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ባትሪው በዊንቹ በኩል ዞሮ ሻንሲውን ያገኛል፣ ከዛ ማጥፊያውን ብታጠፋም የመኪናው ኤሌክትሪክ አይቋረጥም። ስለዚህ ማጥፊያው ላይ በሻንሲ በኩል ባለው ጫፍ እሰረው። ማጥፊያው ያረጀ ከሆነ ግን ቀይረው፣ ዊንች እንደ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ለትንሽ ሰከንድ ብቻ አይስብም። ኬብሉን ትተህ ሻንሲውን ብቻ እንደ ማሳ መጠቀም ደሞ አያዋጣም፣ ዝገትና ቀለም ያለበት መጋጠሚያ ሁሉ ቮልት ይበላል።

የሶሌኖይድ ሳጥኑን (የዊንቹን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን) ፓራውልት ላይ አትተወው። ኦራል እስከ 1.5 ሜትር ውሃ ይሻገራል ተብሎ የተሰራ መኪና ነው፣ ሳጥኑን ከዛ በላይ ከፍ አድርገህ እሰረው። ሞተሩ ላይ ኤ፣ ኤፍ1፣ ኤፍ2 የተባሉ ጫፎች ካሉ ከሳጥኑ ጋር እየተመሳሰሉ ይታሰራሉ፣ ስትሞክረው መጠቅለያውን ተጭነህ ከፈታ ኤፍ1ንና ኤፍ2ን አቀያይር። ሙከራው ገመዱ ምንም ሳይዝ ነው።

አዲስ ገመድ መጀመሪያ ጭነት ኖሮት መጠቅለል አለበት። ቀለል ያለ ዳገት ላይ ገመዱን ከላይ አስረህ፣ ሾፌሩ ፍሬን በትንሹ እየያዘ መኪናውን ወደ ላይ እየሳብክ ጠቅልል። ያለበለዚያ የላይኛው ድርብ ታችኛው ውስጥ ይሰምጥና ገመዱ ይጎዳል። ከበሮው ላይም ቢያንስ አምስት ዙር ይቅር፣ የብረት ገመዱን ጫፍ የያዘችው ትንሽ ብሎን ጭነት አትችልም።

ስትጎትት ሞተሩ ይስራ፣ ነዳጁን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ግን ዲናሞው ያድነኛል አትበል፣ ዊንቹ የሚፈልገውን ትንሹን ክፍል ብቻ ነው የሚሰጥህ፣ ሌላውን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ባንድ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትጎትት፣ የዊንቹን ሞተር በእጅህ ነክተህ ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቅ። መረሬ ጎማውን ጠብቶ ስለሚይዝ ከመጎተትህ በፊት ጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ አውጣ፣ የዊንቹ ሸክም በጣም ይቀላል።

ባህር ዛፍ ላይ ስታስር ሰፊ ቀበቶ ተጠቀም፣ ከስሩ ዝቅ አድርገህ፣ የብረት ገመዱን ዛፍ ላይ ጠምጥመህ መንጠቆውን በራሱ ገመድ ላይ አትስቀለው። ወጥሮ ያለ ገመድ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። ገመዱ መሀል ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይ ማዳበሪያ ጆንያ ጣልበት፣ መንደር አጠገብ ከሆንክ ህጻናቱን መጀመሪያ አርቅ፣ ማንም ገመዱን አይራመድ፣ ረዳትህም ገመዱን በባዶ እጁ አይንካ። ሌላ መኪና የምታወጣ ከሆነ የራስህን ጎማዎች በታኮ ያዝ።

አብሽር፣ ስራው ብዙ ይመስላል እንጂ አንድ ጥሩ በያጅና አንድ ጥንቁቅ ኤሌትሪሺያን ካገኘህ ያልቃል። የመጀመሪያው ከባድ ጉተታ እንዳለቀ ግን ሁሉንም ብሎን መልሰህ አጥብቅ፣ የኬብሉን ጆሮዎች በእጅህ ዳስሳቸው፣ የጋለ ካለ መጋጠሚያው ልል ነው፣ ፈተህ አጽድተህ እንደገና እሰረው፣ የዊንቹን ማጥፊያም አጥፍተህ ውጣ።