የበርሜሉ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ

ለገጣፎ ጓሯችን ውስጥ፣ ከአሸንዳው ስር የቆመ ሰማያዊ በርሜል አለን፤ 200 ሊትር ይይዛል። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ይሞላል፤ ጠዋት ስነሳ ግን ቧንቧው ስር ጭቃ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሦስት ጊዜ ሲሊኮን ለቀለቅሁበት፤ ሦስቴም እንደ ቆዳ ተልጦ ወደቀ። ያ ፕላስቲክ ለካ ሲሊኮን አይዝም። ውሃውን የሚያቆመው ጎሚኒው፣ ማለትም የጎማው ቀለበት ነው።

መጀመሪያ ቧንቧውን በጨርቅ አድርቁና ዙሪያውን ሶፍት ጠምጥሙበት። ቀድሞ የሚረጥበው ቦታ መልሱን ይነግራችኋል።

የቧንቧው አንገት (ወደ በርሜሉ የሚገባበት) ዙሪያ ከረጠበ

አብዛኛው ጣጣ እዚህ ነው፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የቀዳዳው ነው። ትራፓኖ ሲጠፋ በጋለ ፌሮ እንበሳዋለን፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ጠርዙ ላይ እንደ ከንፈር ተገልብጦ ይደርቃል። ጎሚኒው እዚያ ላይ ሲቀመጥ አንድ ወገኑ ይነሳል። በጣት ዳብሱት፣ ወዲያው ይታወቃችኋል። ትርፉን በምላጭ ቆርጣችሁ እስኪለሰልስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

የባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ጥርስ፣ ማለትም የሚጠመዘዘው ክፍል፣ ውፍረቱ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዳዳው ከ22 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሰፍቶባችሁ ከሆነ በጨርቅ ከመወተፍ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ግጠሙበት፤ እሱ 27 ያህል ይፈልጋል።

ከበርሜሉ ውስጥ በኩል ጎሚኒው ይቀድማል፣ ከዚያ ሮንዴላ (ጠፍጣፋው ቀለበት)፣ መጨረሻ ዳዶ (የሚጠብቀው ብሎን ማሰሪያ)። በእጅ እስከሚሄድ አጥብቁና በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። «ይጠንክርልኝ» ብሎ የሚታገል ሰው ጎሚኒውን ጨፍልቆ ከሮንዴላው ስር ያስወጣዋል። ቴፍሎን፣ ማለትም ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ስስ ነጭ ጥቅል፣ በጥርሱ በኩል የሚሾልከውን ይይዛል እንጂ የቀዳዳ ክፍተት አይሞላም።

ከአፉ ጠብ ጠብ ካለ

ከጣራው የወረደ አሸዋ የቧንቧውን የውስጥ ጎማ በልቶታል። ፍቱት፣ እጠቡት፣ ካረጀ ቀይሩት። አሸንዳው ጫፍ ላይ ወንፊት እሰሩ።

ውሃው መውረድ ጀምሮ ከቆመ

ክዳኑን ላላ አድርጉት። አየር ካልገባ ውሃ አይወርድም፤ እንዲያውም የበርሜሉ ጎን ወደ ውስጥ ሲጎደጉድ ታያላችሁ። ክዳኑ ከላላ በኋላም ካልወረደ ቅጠል ዘግቶታል።

ሳይቆም ግን ቀጭን ሆኖ ከወረደ

ይህ ብልሽት አይደለም። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት የአንድ ባር አንድ አስረኛ ያህል ብቻ ነው። በርሜሉን ብሎኬት ላይ ስታወጡት ይሻሻላል። የሞላ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ክረምት ላይ መረሬ አፈር ብሎኬቱን ይውጠዋል፤ ከስር ጠጠር ደልድሉ። ይህን ሁሉ ባዶውን ሳለ ጨርሱት። እኔ ከነውሃው ላቃናው ስገፋ አዲሱን ቧንቧ ከአንገቱ ሰብሬዋለሁ።