የጀልባ ሞተር ጭስ አልቀዘቅዝ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መነሻው፣ ከመነሻው ወደ መፍትሄው

ድሬዳዋ ባሕር የላትም፤ ይሁንና ከጅቡቲ የምትርቀው ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ የጀልባ ሞተር ከጭነት መኪና ሲወርድ ማየት በጋራዣችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ቅሬታም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ጭሱ ይፋጃል፣ ጎማውን ያቃጥለዋል» ይባላል፤ ጎማ የሚሉት ጭሱ የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ ነው። ባለንብረቱ ጭሱና ውሃው የሚቀላቀሉበትን ጎሚቶ (ጅቡቲዎች «ኩድ» ይሉታል) አዲስ ገዝቶ በካርቶን ይዞ የሚመጣበት ጊዜም አለ። እኔ ግን ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት የውሃው መጠን ይለካ እላለሁ፤ ባየሁት ልክ ጥፋቱ ከጎሚቶው ይልቅ ወደ ጎሚቶው በሚደርሰው ውሃ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛልና።

አሠራሩን ላልለመደ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። የዲዝል ሞተር ጭስ ጭነት ላይ ሲሆን ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሞቅ ይችላል። መኪና ላይ ይህንን ሙቀት ከሥር የሚያልፈው ነፋስ ይወስደዋል፤ ጀልባ ውስጥ ግን የጭሱ ቧንቧ በእንጨትና በፋይበር መካከል ተዘግቶ ስለሚያልፍ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። የባሕሩ ውሃ በሳራቺኔስካው (በውሃ ማስገቢያው መክፈቻና መዝጊያ) ገብቶ፣ በወንፊቱ ተጣርቶ፣ በጎማ ክንፉ ፓምፕ ተገፍቶ፣ የሙቀት መለዋወጫውን (የሞተሩ ሙቀት ወደ ባሕሩ ውሃ የሚተላለፍበትን ክፍል) ካቀዘቀዘ በኋላ በጎሚቶው ውስጥ ከጭሱ ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያ ሁለቱ አብረው በማርሚታው (በድምፅ ማፈኛው) በኩል ወደ ውጭ ይወጣሉ። ድብልቁ ጤነኛ ሲሆን ከጎሚቶው በታች ያለው ጎማ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ወደ 90 ዲግሪ ከተጠጋ ሞተሩ መቆም አለበት።

ምልክት፦ ነጭ እንፋሎት ይበዛል፣ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ውሃ ግን ያንሳል

ይህ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ነው፤ ቀድሞ የሚታይ ማስጠንቀቂያም ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። አንድ ሊትር ውሃ ከ30 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ የሚወስደው ሙቀት 125 ኪሎ ጁል ገደማ ነው፤ ያው ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ግን ከ2,200 ኪሎ ጁል በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ውሃው ሲያንስ ጭሱ ወዲያው አይፋጅም፤ የቀረው ውሃ እየተነነ ለጥቂት ጊዜ ያቀዘቅዘዋል፤ ጎማው የሚቃጠለው መጨረሻ ላይ ነው። ጎማው ሲቃጠል አይቶ ብቻ ችግር መኖሩን የተረዳ ሰው እንፋሎቱን ሳያስተውል ሰንብቷል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ውሃው ይለካ። ሞተሩ በተወሰነ ዙር እየሠራ፣ ከጭስ ማውጫው የሚወርደው ውሃ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ በሰዓት ይያዝ። ለሁሉም ሞተር የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም፤ ሞተሩ ጤነኛ በነበረበት ጊዜ የተመዘገበ ቁጥር ካለ ግን ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። በዚህ ሥራ ጊዜ ፊትን ወደ ጭሱ አለማቅረብ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።

ውሃው ማነሱ ከተረጋገጠ ፍለጋው ከባሕሩ ወደ ሞተሩ ይሂድ። ማስገቢያው ላይ የፌስታል ቁራጭ ወይም የባሕር ቅርፊት ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ወንፊቱ በአረም ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከውስጡ የላላ አሮጌ የጎማ ቱቦም ፓምፑ ሲስብ ይጨማደድና መንገዱን ይዘጋል። እነዚህን ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። አስቸጋሪው አየር ነው። ፓምፑ ውሃ የሚስብበት መስመር ላይ ትንሽ ክፍተት ካለ ከውሃው ይልቅ አየሩ ይቀለዋልና አየር ይስባል፤ ከውጭ ሲታይ ግን የሚንጠባጠብ ነገር የለም።

በዚህ ጉዳይ ራሴም ተሳስቻለሁ። አንድ ሞተር ከነወንፊቱ መጥቶልኝ አድሼው ስሞክር፣ ውሃ የሞላሁት በርሜል ጠረጴዛ ላይ፣ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ውሃው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ፓምፑ መሳብ አላስፈለገውም፤ ጭሱም እንደሚፈለገው ቀዘቀዘ። በወንፊቱ ክዳን ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ቀስ ብላ ስትጠራቀም አይቼ በጨርቅ ጠርጌ አለፍኩ። ሞተሩ ጀልባው ላይ ተመልሶ ሲገጠም ግን ወንፊቱ የሚቀመጠው ከባሕሩ ወለል በላይ ነበርና ያቺ ጠብታ ትወጣበት የነበረው ክፍተት አየር ማስገቢያ ሆነ፤ በሳምንቱ «እንፋሎቱ ተመለሰ» የሚል ስልክ ተደወለ። መፍትሄው የክዳኑን ጎማ ቀይሮ ፋሸታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቶቹን) ማጥበቅ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርሜሉን መሬት ላይ፣ ከፓምፑ ዝቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። የከተማውን የውሃ መስመር በቀጥታ ከፓምፑ ጋር ማገናኘትም ስህተት ነው፤ ግፊቱ የፓምፑን ድካም ይሸፍናል፤ ሞተሩ ሳይነሳ ከቆየ ደግሞ ማርሚታውን ሞልቶ ውሃውን ወደ ሲሊንደር ይመልሳል።

አየር የማይገባ ከሆነ ፓምፑ ይከፈት። የጎማው ክንፍ ያለ ውሃ ሲዞር ከአንድ ደቂቃ ያህል በኋላ ሊበላሽ ይችላል፤ ሳራቺኔስካውን መክፈት የረሳ ሰው ይህንን ሳያውቅ ያደርገዋል። ክንፎቹ ይቆጠሩ። ከስድስቱ ሁለቱ ከጎደሉ አዲስ መግጠም ብቻውን አይበቃም፤ የተቆረጡት ቁርጥራጮች ከፊት ባለው የሙቀት መለዋወጫ ቱቦዎች አፍ ላይ ተሰንቅረው ስለሚገኙ ሁለቱም እስኪገኙ መፈለግ አለባቸው። የፓምፑ ክዳን በውስጥ በኩል ጎድጉዶ ከሆነ ይቀየር። አዲሱ ክንፍ ሲገባ በሳሙና ውሃ ወይም በግሊሰሪን ይለስልስ እንጂ ግሪስ አይቀባ፤ ግሪስ ጎማውን ያበላሸዋል።

ምልክት፦ ውሃው በቂ ነው፣ ጎሚቶው ግን በአንድ ወገን ይፋጃል

እዚህ ላይ ነው ጎሚቶው በትክክል የሚጠረጠረው። ውሃው ወደ ጭሱ የሚረጭባቸው ቀዳዳዎች በጨውና በጥላሸት በከፊል ሲደፈኑ ሁሉም ውሃ በአንድ በኩል ይወርድና ጭሱ በሌላው በኩል ደረቁን ያልፋል። በሙቀት መለኪያ ዙሪያውን አራት ቦታ መንካት በቂ ነው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ፣ ወይም የአንድ ወገን ቀለም ተላጥቶ ከተገኘ ጎሚቶው ይውረድ። ቀዳዳዎቹ በቀጭን ዘንግ ይጠረጉ፣ ጥላሸቱ ይፋቅ፤ ውስጠኛው ግድግዳ በዝገት ሳስቶ ከሆነ ግን መጥረግ ጊዜ ማባከን ነው። ግድግዳው የተበሳ ዕለት ውሃው ሞተሩ በቆመበት ወደ ቫልቮቹ ይመለሳል፤ ያኔ ወጪው የጎሚቶ ሳይሆን የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይሆናል።

ጎሚቶን ቶሎ የሚደፍነው በዝግታ ብዙ ሰዓት መሥራት ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ቱሪስት የሚያመላልሱ ጀልባዎች ቀኑን ሙሉ በዝቅተኛ ዙር ይንፏቀቃሉ፤ በደንብ ያልነደደው ነዳጅ ጥላሸት ከጨው ጋር ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ለእንዲህ ያለ ሥራ በየወቅቱ መጨረሻ ጎሚቶውን አውርዶ ማየት ይገባል፤ ወደ ወደብ ሲመለሱም ለጥቂት ደቂቃ ጭነት ሰጥቶ ማሠራት ይረዳል።

ምልክት፦ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሞተሩም ሙሉ ዙሩን አይደርስም

ብዙዎች ኢንጀክተር ይፈታሉ። ከዚያ በፊት ግን የጭሱ መውጫ መጥበቡ ይጣራ። ከጎሚቶው በፊት ባለው ደረቅ ክፍል ላይ ካለው የቡሎን ቀዳዳ ከአንድ ሜትር የማያንስ የመዳብ ቧንቧ ይውጣ፤ ጫፉ ላይ በዩ ቅርጽ የታጠፈ ውሃ ያለበት ጥርት ያለ ላስቲክ ቱቦ ይገጠም። ሞተሩ በሙሉ ጭነት ሲሠራ በሁለቱ የውሃ ወለሎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ግፊቱ ነው፤ የአንድ ሜትር ልዩነት ወደ 10 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። ይህ ከሞተሩ መጽሐፍ ገደብ ጋር ይነጻጸር። ጭሱን የበለጠ ለማቀዝቀዝ ብለው ትልቅ ፓምፕ የሚገጥሙ ሰዎች ይህንን ግፊት ራሳቸው ይጨምራሉ፤ የተትረፈረፈ ውሃም መንገድ ይፈልጋልና። ከመጠኑ ይልቅ አረጫጨቱን ማስተካከል ይሻላል።

ምልክት፦ ሞተሩም ጭሱም አብረው ይሞቃሉ

ይህ የሙቀት መለዋወጫውን ያመለክታል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው የጉድጓድ ውሃችን በማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋግረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፤ ቱቦዎቹ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በቀጥታ በባሕር ውሃ የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ከ55 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ እንዲሠሩ የሚደረገውም ከዚያ በላይ ሲሞቅ ጨዉ መጋገር ስለሚጀምር ነው። ቅርፊቱ በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። የባትሪ አሲድ የሚያፈሱትን አይቻለሁ፤ አሉሚኒየም ካለበት ቅርፊቱንም ብረቱንም አብሮ ይበላል። ዝገት ከሌላው ብረት በፊት እንዲበላው የሚገጠመው የዚንክ ዘንግ ግማሹ ካለቀ ይቀየር።

በዚህ ሁሉ ሙከራ መካከል አንድ ጥንቃቄ አለ። ሞተሩ አልነሳ ብሎ ቁልፉ ደጋግሞ ሲዞር ፓምፑም አብሮ ይዞራል፤ ጭስ ስለሌለ ውሃውን ገፍቶ የሚያወጣው ነገር የለም፤ ማርሚታው ሞልቶ ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። ስለዚህ ከሁለትና ሦስት ሙከራ በኋላ ሳራቺኔስካው ይዘጋ፣ ከማርሚታው ሥር ያለው ቡሎን ተፈትቶ ውሃው ይፍሰስ፣ ቡሎኑም ተመልሶ ይጥበቅ፤ ሳራቺኔስካው እንደገና የሚከፈተው ሞተሩ በተነሳ ቅጽበት ነው።