ከቢሮ ወደ ጨሌና ጉትቻ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ካገለገልኩ በኋላ ሥራዬን ለቅቄ፣ ከተጣሉ ጠርሙሶች ጨሌ፣ ጉትቻና የመስኮት ጌጥ መሥራት ጀመርኩ። አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መንገዴን ሊከተሉ ለሚመጡ የቢሮ ሰዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ቢሮውን ልቀቁ፣ የቢሮውን ልማድ ግን ይዛችሁ ውጡ። ቀጥሎ ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔ ራሴ ከፍዬባቸዋለሁ።

በአንድ ወር ገበያ ተማምኖ መልቀቅ

በጥር፣ በሠርግ ወር፣ የሠራሁት ሁሉ ሲሸጥ ልቤ ሞላ። ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ሙሉ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ ጉትቻዎቼም ከነካርዳቸው ተሰቅለው ከረሙ። ገበያው የተመለሰው ፋሲካ አልፎ ሠርግ ሲጀመር ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለውን ሽያጭ፣ የፍቼ ጫምባላላን ሰሞን ጨምሮ፣ ጽፋችሁ ሳታዩ ደመወዛችሁን አትተዉ። በግል ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጡ። የጡረታ አገልግሎታችሁንም ቁጠሩ፤ 10 ዓመት ለመሙላት ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው ቢታገሥ ይሻለዋል።

የተለያየ ጠርሙስ ማቀላቀል

አረንጓዴውን የቢራ ጠርሙስ ከመስኮት መስታወት ጋር አንድ ላይ ማቅለጥ ያጓጓል፤ ቀለሙ ያምራል። ነገር ግን መስታወት ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ የሚሰበሰብበት መጠንም እንደ ቅመሙ ይለያያል። ሁለቱ ተጣብቀው አንዱ ከሌላው በላይ ሲኮማተር ይሰነጠቃሉ፤ ያውም አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ፣ በገዢው ቤት። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጠርሙሶች እንኳ ላይስማሙ ይችላሉ። እኔ ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች የምሰበስበውን ሁሉ በየዓይነቱ ለይቼ በሣጥን አስቀምጣለሁ፤ አንድን ጌጥ የምሠራውም ከአንድ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ማቀዝቀዝን መቸኮል

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያለቅስበት እዚህ ላይ ነው። የጠርሙስ መስታወት 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይዋሐዳል። ከዚያ ወደ 550 ገደማ ወርዶ ሙቀቱ ውስጡና ላዩ እስኪስተካከል መቆየት፣ ቀጥሎም ለብዙ ሰዓታት ቀስ እያለ መቀዝቀዝ አለበት። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋና ጉጉቴን መቆጣጠር አቅቶኝ የምድጃውን ክዳን በጣት ስፋት ከፈትኩ። የጆሮ ጉትቻዎቹ ምንም አልሆኑም። ትልቁ ሳህን ግን ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥኩት በማግስቱ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ለሁለት ተከፈለ።

መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አትንኩ። መብራቱ ሲመለስ፣ ያልተሰነጠቀውን እንደገና ቀስ ብላችሁ እስከ 550 አሙቁና አቀዝቅዙት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። በውስጡ ጭንቀት (እኩል ባለመቀዝቀዝ የሚቀር የውስጥ መሳሳብ) መቅረቱን ለማወቅ ደግሞ የኮምፒውተር ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ ብርሃን የሚያሳልፈውን መስታወት ፊቱ ያዙ። ነጸብራቅ የሚከለክል ፖላራይዝድ መነጽር እያዞራችሁ ስክሪኑ እስኪጨልም ተመልከቱ። ጭንቀት ያለበት ቦታ ጨለማው ውስጥ ደምቆ ይታያል። እኔ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ሰዓቱንና የመብራቱን ሁኔታ በመዝገብ እጽፋለሁ፤ የሒሳብ መዝገብ የያዘ እጅ ለዚህ ተስማሚ ነው።

ጊዜን ሳይቆጥሩ ዋጋ መተመን

ጠርሙሱ በነጻ ስለመጣ ጌጡ በርካሽ ይሸጥ የሚል ሐሳብ ብዙዎችን አክስሯል። የቢሮ ደመወዛችሁን በወሩ የሥራ ሰዓት አካፍሉት፤ ያ የአንድ ሰዓታችሁ ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ከቆረጣ እስከ ማሸጊያ የፈጀውን ሰዓት አባዙበት። የተሰበሩትን፣ የመብራቱን ክፍያ፣ የማንጠልጠያውን ዋጋ ጨምሩ። ወዳጅ ዘመድ ቅናሽ ሲጠይቅ ዝቅ ማድረግ ከፈለጋችሁ፣ ቢያንስ ከምን ላይ እንደቀነሳችሁ ታውቃላችሁ።

ብር ያልሆነውን ብር ማለት

የብር ጌጥ ላይ የሚታተመው 925 ማለት ከሺህ እጅ 925 እጁ ብር ነው ማለት ነው። አያቶቻችን ለአንጥረኛ የሚሰጡት የማርትሬዛ ብር 83.3 በመቶ ነበር። የብር ቅብ ከሆነ ቅብ መሆኑን ንገሩ። የጉትቻ ማንጠልጠያ ኒኬል ካለበት ደግሞ የብዙ ሰው ጆሮ ያሳክካል፣ ይቆስላል፤ ቲታኒየም ወይም ትክክለኛ 925 ብር ይሻላል። ጆሮዋ የቆሰለ ደንበኛ ተመልሳ አትመጣም፣ መብቷም ነው።

ደረቅ መስታወት መሞረድ

ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ሁልጊዜ በውሃ ሞርዱ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ተስማሚ ጭንብል አድርጉ። እርሳስ ባለበት ብየዳ የምትሠሩ ከሆነ ከወጥ ቤትና ከልጆች ራቁ።

ሸቀጥን በቃል ማስረከብ

አንድ የስጦታ ሱቅ ሠላሳ ጥንድ ጉትቻ ተቀብሎኝ የአሥራ ሁለቱን ብቻ ሒሳብ ከፈለኝ፤ ቀሪው የት እንደገባ ማስረዳት አልቻልኩም፣ ጽሑፍ አልነበረኝማ። አሁን ብዛቱ፣ ዋጋው፣ የሱቁ ድርሻና የሚከፈልበት ቀን የተጻፈበትን ወረቀት በሁለት ቅጂ አዘጋጃለሁ። ተቀባዩ ሁለቱንም ይፈርማል፤ አንደኛው ከእኔ ጋር ይቀራል።