የአልፓካ ሱፍ ብርድ ልብስና ኮምፈርት በባሕር ዳር፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ያመጣው የአልፓካ ሱፍ ብርድ ልብስ ወይም ኮምፈርት ባሕር ዳር ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በጣም ይወደዳል፤ ክብደቱ ቀላል፣ ሙቀቱ ጥሩ፣ ልስላሴውም ደስ የሚያሰኝ ነው። ዓመት ሳይሞላው ግን ቅሬታ ይከተላል፦ «ያልበኛል»፣ «ይቆረቁረኛል»፣ «ሸተተ»፣ «ብል በላው»፣ «ታጥቦ ተኮማተረ»። ቅሬታዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም የአብዛኞቹ ሥር አንድ ነው፤ ሱፉ እንደ ጥጥ መያዙ ነው።

አልፓካ ከግመል ወገን የሆነ፣ በዋናነት በፔሩና በቦሊቪያ የአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ብርዳማ ስፍራ የሚረባ እንስሳ ነው። የሚሸለተው ፀጉሩ እንደ ሰው ፀጉርና እንደ በግ ሱፍ ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ ጥጥ ግን የተክል ውጤት በመሆኑ ጠባዩ ፈጽሞ የተለየ ነው። በጎጃም የሚረባው የዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ ሱፍ አይሰጥም፤ ሱፍ ፈትሎ ባና እና ዝተት የተባሉ የሱፍ ብርድ ልብሶችን መሥራት የመንዝና መሰል ብርዳማ አካባቢዎች ሙያ ነው። የጣና ዳርቻ ቤተሰብ አሳምሮ የሚያውቀው ጋቢንና ነጠላን፣ በአጠቃላይ ጥጥን ነው። ጥጥ ደግሞ የፈላ ውኃን፣ በረኪናን፣ ድንጋይ ላይ መታሸትን፣ ለሁለት ተይዞ መጠምዘዝን ይችላል። ይህ ለጋቢ የተገባ አያያዝ ለፀጉር ጥፋት ነው።

ሌሊት ያልባል

እውነተኛ የአልፓካ ሱፍ ከሰውነት የሚወጣውን ላብ ገና በተን መልክ እያለ ወደ ውስጡ ስቦ ቀስ በቀስ ወደ ክፍሉ አየር ይለቃል። ስለዚህ የሚያልበው ሰው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት ልብሱ በእርግጥ ሱፍ መሆኑን ነው፤ በገበያ ላይ «ሱፍ» እየተባሉ የሚሸጡ ብዙ ለስላሳ ብርድ ልብሶች ከአክሪሊክ ወይም ከፖሊስተር የተሠሩ ናቸውና። በስፌቱ ጠርዝ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አንዱ መንገድ ነው፤ ጽሑፉ ሲጠፋ ወይም አጠራጣሪ ሲሆን የሚያገለግል አስተማማኝ ፈተና አለ። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር መዝዞ በወረንጦ መያዝና ከልብሱ ራቅ ብሎ፣ በብረት ሳህን ላይ፣ በክብሪት መለኮስ ነው። ሱፍ እሳት ሲነካው ይኮማተራል፣ በዝግታ ይነዳል፣ ክብሪቱ ሲርቅም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል፤ ሽታው የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ነው፣ የሚተወው ጥቁር አመድም በጣት ሲታሽ ይደቃል። አክሪሊክና ፖሊስተር ግን ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ በጣት የማይፈጭ ጠጣር እንክብል ይሆናሉ። ሁለቱም ምልክት በአንድ ላይ ከታየ ልብሱ ቅይጥ ነው።

ሱፍነቱ ከተረጋገጠ በኋላም ላቡ ካልቆመ ወደ ፍራሹ መሄድ ይገባል። የስፖንጅ ፍራሽ ሲገዛ የተሸፈነበትን ላስቲክ «እንዳይቆሽሽ» ብሎ ሳያወልቁ መተኛት የተለመደ ነው፤ ላስቲኩ ላብን ከታች ስለሚያፍን ከላይ የተደረበው ሱፍ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይረዳም። ላስቲኩን ማውለቅ፣ በምትኩ የሚታጠብ የጥጥ ልባስ ማድረግ ነው መፍትሄው።

የቀረው የክብደት ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የታኅሣሥና የጥር ሌሊቶቿ ይቀዘቅዛሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ግን ሞቃታማ ናቸው። ለአውሮፓ ክረምት ታስቦ በካሬ ሜትር 400 ግራምና ከዚያ በላይ ሱፍ የተሞላ ኮምፈርት በሚያዝያ ሊያስተኛ አይችልም። መምረጥ የሚችል ሰው 200 ግራም ገደማ የሆነውን ቢይዝና በብርዱ ወራት ጋቢ ቢደርብበት፣ አንድ ከባድ ኮምፈርት ከመግዛት የተሻለ ይመስለኛል።

ይቆረቁራል፣ ያሳክካል

ብዙ ሰው ይህንን አለርጂ ነው ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳዩ የክሩ ውፍረት ነው። ከ30 ማይክሮን በላይ (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆኑ ፀጉሮች ሲጫኑ ስለማይታጠፉ ጫፋቸው ቆዳን ይወጋል፤ ከመቶ 5 ያህሉ እንኳ እንዲህ ወፍራም ከሆኑ ልብሱ ይቆረቁራል። «ቤቢ» የሚል ደረጃ የተሰጠው አልፓካ ውፍረቱ 22 ማይክሮን አካባቢ በመሆኑ ለቆዳ ይመቻል፤ ዋጋው የቀነሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእንስሳው እግርና ሆድ የተሸለተውን ሻካራ ፀጉር ስለሚቀላቅል ይቆረቁራል። ወፍራሙን ፀጉር ማጠብ አያቀጥነውም፤ ስለዚህ ሱፉን ከቆዳ መለየት ብቻ ነው የሚያዋጣው። ስስ የጥጥ አንሶላ ከሥር አድርጎ ጫፉን በብርድ ልብሱ ላይ መገልበጥ ወይም ኮምፈርቱን በጥጥ ልባስ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። የአልፓካ ሱፍ የበግ ሱፍ ያለበት ላኖሊን የተባለ ቅባት እጅግ ትንሽ ብቻ ስላለው በላኖሊን ምክንያት በግ ሱፍ የማይስማማቸውን ሰዎች ሊስማማ ይችላል። ሆኖም «አልፓካ አለርጂ የለውም» የሚለው የሻጮች ቃል በልኩ መያዝ አለበት፤ አቧራ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት እርጥበት ካገኙ በማንኛውም ሱፍ ውስጥ ይኖራሉ፣ አስም ያለበት ሰውም በእነሱ ይታመማል።

በክረምት ይሸታል፣ ይቀዘቅዛል

ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ይህ ለተኛ ሰው በረከት የሆነ ጠባይ በሐምሌና በነሐሴ ለባሕር ዳር ቤት ፈተና ይሆናል፤ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚጥል ሱፉ ላብ ብቻ ሳይሆን የክፍሉን እርጥበትም እየሳበ ይከማችበታል፣ የሚለቅበት ደረቅ አየርም አያገኝም። መዳፍ ሲያርፍበት ቀዝቀዝ ማለቱ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ የታፈነ ሽታ ሁለተኛው፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ደግሞ ሦስተኛው ነው። ሻጋታው በቅድሚያ የሚመገበው በልብሱ ላይ የቀረውን ላብ፣ ቅባትና እድፍ በመሆኑ ንጹሕ ሱፍ ዘግይቶ፣ የቆሸሸ ሱፍ ፈጥኖ ይሻግታል።

ጠዋት እንደተነሱ አልጋን ወዲያውኑ ማንጠፍ ልማድ ነው፤ በክረምት ግን ብርድ ልብሱን ወደ እግር በኩል ገልጦ መስኮት ከፍቶ አንድ ሁለት ሰዓት መተው እርጥበቱን ይቀንሳል። አልጋው ከውጭኛው ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ቢርቅ ይመረጣል፣ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ከውስጥም ይቀዘቅዛልና። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጭ ማስጣት ተገቢ ነው፤ ከሐይቁ የሚነሳው የቀትር ነፋስ ከፀሐዩ ይልቅ ይሠራል፣ ለረጅም ሰዓት የጠነከረ ፀሐይ ደግሞ ሱፍን ያዳክማል፣ ነጩንም ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ነፋስ ያለበት ጥላ ይመረጣል። ሲመሽ ውጭ መተው ግን የቀኑን ልፋት ከንቱ ያደርጋል፣ ሱፉ የምሽቱን እርጥበት መልሶ ይጠጣልና።

ነጠብጣብ የወጣበት ልብስ ቤት ውስጥ አይራገፍም። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ውጭ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያ «ታጥቦ ተኮማተረ» በሚለው ክፍል በተገለጸው መንገድ ማጠብና ፈጽሞ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ቀዳዳ ወጣበት

መጀመሪያ በዳዩን መለየት ነው። መብራት የሚዞረው የምሽት የእሳት ራት በዳዩ አይደለም፤ የሱፍ ብል ብርሃን የሚሸሽ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ የገለባ ቀለም ያለው ትንሽ ነፍሳት ሲሆን፣ ያደገው ራሱ ምንም አይበላም። የሚበላው እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ ነው። ልብሱን ወደ መስኮት አቅርቦ ስፌቱንና የታጠፈበትን ቦታ በጥፍር ገለጥ ቢያደርጉ፣ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ቱቦ፣ በውስጡም ራሱ ቡናማ የሆነ ነጭ ትል፣ በዙሪያው ደግሞ የሱፉን ቀለም የያዘ አሸዋ መሳይ ኩስ ይታያል። ይህ ከታየ ጥርጣሬ የለም። ቀዳዳው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በእግር በኩል ብቻ ሆኖ፣ ድርም ኩስም ከሌለ ግን መንስኤው መፋተግ ነው።

ብል የሚወደው ጨለማ፣ ፀጥታና የላብ ቅሪት ነው። ስለዚህ ለወራት ተጣጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳው ልብስ በየቀኑ ከሚለበሰው ይልቅ ይጎዳል። ለማስወገድ ልብሱን ውጭ አውጥቶ በሁለቱም ፊት፣ በተለይ በስፌቱ ላይ፣ ጠንከር ባለ ብሩሽ መጥረግ ይገባል፤ ይህ ብዙውን እንቁላልና እጭ ያራግፋል። ትንሽ ብርድ ልብስ በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ቢቀመጥ እጩም እንቁላልም ይሞታል፤ መብራት ጠፍቶ በመካከሉ ከሟሟ ቆጠራውን እንደገና መጀመር ነው። ፍሪዘር የማይገባ ኮምፈርት በኬሚካል ደረቅ እጥበት ለሚያጥብ ላውንደሪ ይሰጥ፤ ያ ካልተገኘ በየሳምንቱ እየጠረጉ ለሁለት ወር ያህል መከታተል ያስፈልጋል። ቁም ሳጥኑም በስንጥቁ ሳይቀር ካልተጸዳ ልብሱን ብቻ ማከም ድካም ነው።

ናፍታሌንን በአልጋ ልብስ ላይ አልመክርም። ትነቱ ተኝቶ የሚተነፈስ መርዝ ነው፤ በተለይ ሕፃናትና በዘር የሚወረስ የደም ኢንዛይም እጥረት ያለባቸው ሰዎች ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል። የጥድ እንጨት ሽታም ብልን የተወሰነ ያህል ያርቅ እንደሆነ እንጂ ልብሱ ውስጥ የገባውን አይገድልም።

ታጥቦ ተኮማተረ፣ ጠነከረ

የሱፍ ፀጉር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሙቅ ውኃ፣ የዱቄት ሳሙናና ማሸት አንድ ላይ ሲሆኑ ቅርፊቶቹ ይከፈታሉ፣ ፀጉሮቹም እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። የአልፓካ ቅርፊት ከበግ ሱፍ ያነሰ ጎልቶ የሚታይ ቢሆንም ከዚህ አያመልጥም። አንዴ የተቆላለፈ ሱፍ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ቀለል ያለ ከሆነ ግን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ የፀጉር ኮንዲሽነር አድርጎ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ሳያሹ በእጅ በቀስታ እየሳቡ ማሳረፍ የተወሰነውን ያላቅቀዋል። በረኪና የነካው ደግሞ መድኃኒት የለውም፤ በረኪና ኬራቲንን ስለሚያሟሟ ሱፉ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይቦጫጨቃል።

ማጠብ ግድ ሲሆን ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ ውኃ በሰፊ ሳፋ፣ ትንሽ የፀጉር ሻምፑ፣ ከመጫንና ከመልቀቅ በቀር ምንም ማሸት የሌለበት 10 ደቂቃ ይበቃል። እድፍ ያስለቅቃሉ የሚባሉት ኢንዛይም ያላቸው ሳሙናዎች ፕሮቲን ስለሚበሉ አይነኩም። ማለቅለቂያው ውኃ ከማጠቢያው ጋር እኩል ሙቀት ይኑረው። አይጠመዘዝም፤ ትልቅ ፎጣ ላይ ዘርግቶ ከፎጣው ጋር አብሮ መጠቅለልና ጥቅሉን በጉልበት መጫን፣ ፎጣው ሲርስ በሌላ መቀየር ውኃውን ያወጣል። ገመድ ላይም አይሰጣም፤ አልፓካ የመለጠጥና የመመለስ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ በውኃው ክብደት ተጎትቶ እንደተጎተተ ይቀራል። ሰሌን ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፎ፣ ቅርጹን አስተካክሎ፣ እየገለበጡ ማድረቅ ነው። ይህ ሁሉ የሚቻለው በበጋ ብቻ ስለሆነ ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ባይታጠብ ይሻላል።

የኮምፈርቱ ሱፍ ወደ አንድ ጎን ተሰበሰበ

የአልፓካ ፀጉር ለስላሳና ብዙም ያልተጠቀለለ በመሆኑ ይንሸራተታል፤ ስፌቱ በሰፋፊ መስመር ብቻ የተያዘ ኮምፈርት በቶሎ ይቋጠራል። በሁለት ሰው ይዞ ከአራቱም ማዕዘን ማራገፍ ለጊዜው ይረዳል። ዘላቂው ግን ሱፉን በእጅ አስተካክሎ ጨርቁን ከላይ እስከ ታች በስንዝር ስንዝር ካሬ ማሰፋት ነው፤ ብርድ ልብስ መስፋት የለመደ ልብስ ሰፊ ይሠራዋል።

ለማስቀመጥ

በበጋ ታጥቦና ፈጽሞ ደርቆ የሚቀመጥ ሱፍ በደንብ ታስሮ በላስቲክ ቢገባ ብል አይደርስበትም። ለክረምቱ ግን ፌስታል ውስጥ የገባ ሱፍ ትንሽ እርጥበት ካለበት እዚያው ይሻግታል፤ ከአሮጌ አንሶላ የተሰፋ የጥጥ ከረጢት፣ ከወለል ከፍ ባለ ቦታ፣ በየወሩ እየተከፈተ የሚራገፍ ከሆነ ይመረጣል።