የዝናብ ቁጥር መቼ ይታመናል? በመለኪያ፣ በሳተላይት ግምትና በትንበያ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ለአንድ ወረዳ የአንድ ወር ዝናብ ስንት ነበር ብለው ቢጠይቁ ሦስት መልስ ሊመጣልዎ ይችላል። ጣቢያው 210 ሚሊሜትር ይላል እንበል፤ የሳተላይቱ ፋይል 165፤ የከባቢ አየርን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያሰላው ሞዴል ደግሞ 240። አብዛኛው ሰው ወይ ለሪፖርቱ የሚመቸውን ይመርጣል፣ ወይ ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ያካፍላል። ሁለቱም አያዋጣም፤ ምክንያቱም ሦስቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። የጣቢያው ቁጥር የድስት አፍ ስለምታህል ቦታ ነው፣ የሳተላይቱ ስለ ብዙ ካሬ ኪሎሜትር፣ የሞዴሉ ከዚያም ስለሚሰፋ መሬት። እያንዳንዱ የሚታመንበት ሥራ አለው፤ የማይታመንበትም እንዲሁ።

ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች በግብርና ዕቅዶች፣ በመመረቂያ ጽሑፎችና በዜናዎች ደጋግመው የሚታዩ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መለኪያውን ሳያዩ ቁጥሩን መውሰድ

1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት 1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። ይህን ብቻ ይዞ ማንኛውንም ዝናብ መለኪያ መፈተሽ ይቻላል። የአፉ ዲያሜትር 203 ሚሊሜትር የሆነ መለኪያ በ1 ሚሊሜትር ዝናብ 32 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ 127 ሚሊሜትር የሆነው ግን ወደ 13 ሚሊ ሊትር ብቻ። ሁለቱም በስፋት የሚሠራባቸው መጠኖች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው የመስታወት መስፈሪያው ሲሰበር ነው። የትንሹ መለኪያ መስፈሪያ ለትልቁ ከዋለ 10 ሚሊሜትር የዘነበው 25 ተብሎ ይመዘገባል፤ በጽሑፉ ላይ የሚያጠራጥር ነገር አይታይም።

ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአፉን ስፋት በማስመሪያ ይለኩ፣ ለ203ቱ መለኪያ 324 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥንቃቄ ያፍስሱ፣ ከዚያ በራሱ መስፈሪያ ይስፈሩት። 10 ሚሊሜትር ገደማ ካላነበበ ችግሩ ከመስፈሪያው ወይም ከሚያፈስ ቀዳዳ ነው።

ቀጥሎ ዙሪያውን ይመልከቱ። አንድ ዛፍ ወይም ግንብ ከመለኪያው አፍ በላይ በስንት ሜትር ይበልጣል? ርቀቱ ቢያንስ የዚያ እጥፍ መሆን አለበት፤ አራት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። በ10 ሜትር የሚበልጥ ባሕር ዛፍ በ6 ሜትር ርቀት ላይ ከቆመ ጣቢያው የሚለካው ዛፉ ያስተረፈለትን ነው። ይህ ስህተት ተንኮለኛ ነው፤ ጣቢያው ሲተከል ዛፉ ችግኝ ነበር፣ ከዓመት ዓመት ሲያድግ የተመዘገበው ዝናብ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በመጨረሻም አንድ ጥናት “በአካባቢው ዝናብ እየቀነሰ ነው” ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የረጅም ዘመን ለውጥ ከማወጅዎ በፊት ጣቢያው ተዛውሮ ያውቅ እንደሆነ፣ መሣሪያው ተቀይሮ እንደሆነ፣ ዙሪያው ምን እንደተሠራበት ይጠይቁ።

ነፋስም ድርሻ አለው። ጠብታውን ከመለኪያው አፍ ላይ እየገፋ ስለሚያሳልፈው፣ በተለመደው መለኪያ ከ2 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ዝናብ ሳይያዝ ይቀራል። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ማሳነስ ስለሚያደላ የብዙ ቀን አማካይ መውሰድ አያጠፋውም።

አውቶማቲክ መለኪያዎች ከዚህ ነፃ አይደሉም። አብዛኞቹ ውስጣቸው 0.2 ሚሊሜትር ያህል ሲሞላ የሚገለበጥ ትንሽ ማንኪያ መሳይ ባልዲ አላቸው። ዶፍ ሲወርድ ባልዲው በሚገለበጥባት ቅጽበት የሚፈሰው ውሃ ሳይቆጠር ያልፋል፣ ስለዚህ የሚያሳንሱት ለጎርፍ ጥናት በጣም የሚፈለገውን ኃይለኛ ዝናብ ነው። ማጥለያው በቅጠል ሲደፈን ደግሞ መረጃው ይናገራል፦ በአንድ ሰዓት የወረደው ዝናብ ለአሥር ሰዓት እኩል እኩል እየተንጠባጠበ ይመዘገባል። እንዲህ ዓይነት ቀጥ ያለ መስመር ካዩ ያንን ቀን ለሰዓታዊ ጥናት አይጠቀሙበት።

“ዜሮ”ን እና “አልተለካም”ን ማምታታት

ተመልካቹ ታሞ ያልለካበት ቀን በኤክሴል ላይ ባዶ ይሆናል፤ ቀጣዩ ሰው ባዶውን በ0 ይሞላዋል፣ ደረቅ ቀን ሆነ ማለት ነው። በተቃራኒው -99 ወይም -9999 የሚለው ምልክት ሳይወጣ ከተደመረ ወርሃዊው ድምር አሉታዊ ሊሆን ይችላል። ይኼኛው ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። የሚያስፈራው የመጀመሪያው ነው። በክረምት መካከል ለሁለት ሳምንት ዜሮ ብቻ የጻፈ ጣቢያ ካጋጠመዎ የአጎራባች ጣቢያዎችን ይመልከቱ።

ቀኑና ወሩ ሳይገጥም ማወዳደር

የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ዕለታዊ ዝናብ የሚያነቡት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት የተነበበው ውሃ በአብዛኛው ሰኞ ከሰዓት በኋላ የዘነበው ነው። ብዙ የሳተላይት መረጃዎች ግን ቀናቸውን የሚጀምሩት በዓለም አቀፍ ሰዓት ዜሮ፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሁለቱን እንዳሉ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሳተላይቱ ፈጽሞ የማይረባ ይመስለዋል። መረጃውን በአንድ ቀን ወደፊትም ወደኋላም እያንሸራተቱ ዝምድናውን፣ ማለትም ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ፣ እንደገና ያስሉ፤ በአንዱ አቅጣጫ በድንገት ከተሻሻለ ጥፋቱ የሳተላይቱ አልነበረም።

ወሩም እንዲሁ። “ጁላይ” የሚለውን ፋይል “ሐምሌ” ብሎ መተርጎም ልማድ ሆኗል፤ ሐምሌ 1 ግን ጁላይ 8 ነው። ለገበሬው የሐምሌ ዝናብ ተብሎ የሚነገረው ቁጥር የሰኔን የመጨረሻ ሳምንት ይዞ የሐምሌን የመጨረሻ ሳምንት ጥሏል። የዘር ቀን በሚወሰንበት ጊዜ አንድ ሳምንት ትንሽ አይደለም።

ሳተላይት ዝናብን ያያል ብሎ ማሰብ

ቺርፕስ የተባለውና ከ1981 ጀምሮ ያለው መረጃ መሠረቱ የደመና አናት ቅዝቃዜ ነው። ሳተላይቱ ደመናው ምን ያህል ጊዜ በጣም ቀዝቃዛ ሆኖ እንደቆየ ይመዘግባል፣ ያ ጊዜ ወደ ሚሊሜትር ይቀየራል፣ ከዚያም በየቦታው ካሉ ጣቢያዎች ጋር ይቀላቀላል። ይህን ካወቁ የት እንደሚሳሳት መገመት አይከብድም። ከፍ ብሎ የተዘረጋ ስስ ደመና ቀዝቃዛ ነው፣ ግን አያዘንብም፤ ሳተላይቱ ያልዘነበ ዝናብ ይቆጥራል። ነፋስ ተራራ ሲያጋጥመው ወደ ላይ ተገፍቶ የሚፈጥረው ዝቅተኛና ሞቃት ደመና ደግሞ ያዘንባል፣ ሳተላይቱ ግን ብዙም አይቆጥረውም። ገደላ ገደሉ በበዛበት ደጋ ሁለተኛውን መጠርጠር ብልህነት ነው።

አይመርግ የተባለው የናሳ የሳተላይት ዝናብ መረጃ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ መረጃ በሦስት እትም ይወጣል፦ የመጀመሪያው ዝናቡ ከጣለ ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ሁለተኛው በግማሽ ቀን ገደማ፣ የመጨረሻው ከወራት በኋላ ከመሬት መለኪያ ጋር ተስተካክሎ። ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ የመጀመሪያው ከመጨረሻው ይበልጣል፤ ለጥናት ተቃራኒው ነው። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ ቀጥሎ መለጠፍ ግን እትሙ የተቀየረበትን ቀን የአየር ንብረት ለውጥ አስመስሎ ያሳያል።

ሌላው የቦታው ስፋት ነው። የቺርፕስ አንድ ነጥብ ወደ 5 ኪሎሜትር በ5 ኪሎሜትር የሚሆን መሬት አማካይ ነው። አንዱ ቀበሌ በበረዶ ተመትቶ ማዶው ጤዛ እንኳ ባላየበት ቀን ሳተላይቱ ለሁለቱም መካከለኛ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ የአንድን ቀን፣ የአንድን ማሳ ዝናብ ከእሱ አይጠይቁት። የአሥር ቀን ድምር ሲሆን ይሻላል፣ የወር ድምር ለአንድ ዞን ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አለው። በ1 ኪሎሜትር የተሠራ ውብ ካርታ ቢመጣልዎም ሥሩ ያሉት ጣቢያዎች በስንት ኪሎሜትር እንደተራራቁ ይጠይቁ፤ በመካከላቸው ያለው ቀለም የሒሳብ ሙሌት ነው።

ራሱን በራሱ ማረጋገጥ

“ቺርፕስን ከጣቢያዎች ጋር አወዳድረን በጣም ተስማማ” የሚል ጥናት ሲያነቡ የመጀመሪያው ጥያቄ እነዚያ ጣቢያዎች ቀድሞውኑ በቺርፕስ ውስጥ ተቀላቅለው እንደሆነ ነው። ከሆኑ ፈተናው መልሱን አስቀድሞ ለተማሪው እንደመስጠት ነው። ያልተቀላቀሉ ጣቢያዎች ላይ የተደረገ ፍተሻ ብቻ ይቆጠራል። የዝምድናው ቁጥር ብቻ ቢነገርዎም አይርኩ። ሳተላይቱ ሁልጊዜ በግማሽ ቢያሳንስ እንኳ ዝምድናው ፍጹም ሊሆን ይችላል፤ አማካይ ስህተቱ በሚሊሜትር ስንት ነው ብለው ይጠይቁ።

የወቅት ትንበያን እንደ ቃል ኪዳን ማንበብ

“በመጪው ክረምት ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል” የሚለው ዜና ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው እንዲህ ነው፦ ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20። “መደበኛ” እንዴት እንደሚወጣ ይመልከቱ። ለምሳሌ ከ1991 እስከ 2020 ያሉትን 30 ክረምቶች ከደረቁ ወደ እርጥቡ ይደረድሯቸዋል፤ የታችኞቹ አሥሩ ከመደበኛ በታች፣ መካከለኞቹ አሥሩ መደበኛ፣ የላይኞቹ አሥሩ ከመደበኛ በላይ ይባላሉ። ምንም የማያውቅ ሰው ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ 45 ማለት ሚዛኑ ትንሽ ወደ እርጥብ አዘነበለ ማለት እንጂ ሌላ አይደለም። ደረቅ የመሆን ዕድሉ ከአምስት አንድ ሆኖ እዚያው አለ፤ የዘር ክምችቱን ሙሉ በሙሉ ዘግይቶ በሚደርስ ዝርያ ላይ ለሚያውል ሰው አንድ አምስተኛ ብዙ ነው።

ትንበያው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውም በአንድ ክረምት አይፈረድም። 45 በመቶ ተብሎ የተተነበየባቸውን ጊዜያትና ቦታዎች በሙሉ ሰብስበው ስንቱ እንደተፈጸመ ይቁጠሩ። ከመቶ 45 ገደማ ከሆነ ትንበያው ታማኝ ነው። 70 ከሆነ ደግሞ ትንበያ ሰጪው ከልክ በላይ ተጠንቅቋል፤ 30 ከሆነ ከአቅሙ በላይ ተናግሯል። 20 በመቶ የተሰጠው ደረቅ ክረምት ሲመጣ “ተሳስተዋል” ብሎ መሳደብ ግን ቁጥሩን አለማንበብ ነው።

ደግሞም ይህ ትንበያ የሚናገረው ስለ ወቅቱ ድምር ነው። ክረምቱ መደበኛ ተብሎ ዝናቡ ዘግይቶ ሊገባ፣ በመካከል ሊቋረጥ፣ ለጤፉ ሳይበቃ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ለዘር የሚያስፈልገው የመግቢያ ቀን ነው፤ ለዚህም አንድ የሚሠራበት መለኪያ አለ፦ በሦስት ተከታታይ ቀን 20 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ዘንቦ፣ በቀጣዩ 30 ቀን ውስጥ ከ9 ቀን የሚረዝም ደረቅ ጊዜ ከሌለ ዝናቡ ገብቷል ይባላል። የመጀመሪያውን ዝናብ ብቻ አይቶ የዘራ ሰው ሁለት ጊዜ ይዘራል።

ኤልኒኖ ማለት ድርቅ ነው ማለት

ኤልኒኖ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ከወትሮው የሚሞቅበት ጊዜ ነው። የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ በኤልኒኖ ዓመት የመቀነስ ዝንባሌ አለው፤ በ2015 ከባድ ሆኖ በ2016 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ተመዝግቧል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ግን የኦክቶበር–ዲሴምበር ዝናብ በኤልኒኖ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ በ2023 መጨረሻ ሶማሌ ክልልን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የመጣው በኤልኒኖ ወቅት ነው። የትኛው ወቅት፣ የትኛው አካባቢ ተብሎ ካልተለየ ቃሉ ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም።

ሞዴሎቹ ስለተስማሙ እውነት ነው ብሎ መቀበል

ሃያ ሞዴሎች አንድ አቅጣጫ ካሳዩ መተማመን ይጨምራል፤ ሞዴሎቹ ግን ብዙ ነገር ይጋራሉ፣ ስህተታቸውንም ጭምር። የምሥራቅ አፍሪካ የማርች–ሜይ ዝናብ፣ ቦረናዎች ጋና የሚሉት፣ ዋናው ምሳሌ ነው። አብዛኞቹ ሞዴሎች ወደፊት ይጨምራል ይላሉ፤ የተለካው ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት ቀነሰ። በሙያው ሰዎች ዘንድ ይህ የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት ተቃርኖ ይባላል።

ለጀማሪም የሚመች ፍተሻ አለ፦ ሞዴሉ የወደፊቱን ከመናገሩ በፊት ባለፉት ዓመታት ዝናቡ በወራት የተከፋፈለበትን ቅርጽ ያወጣዋል? አሥራ ሁለቱን ወራት በግራፍ ያስቀምጡ። ሰሜኑ ላይ አንድ የክረምት ጉልላት፣ ደቡቡ ላይ ሁለት ጉልላት መታየት አለበት። ብዙ ሞዴሎች በዚህ አካባቢ የማርች–ሜዩን ዝናብ ያሳንሳሉ፣ የኦክቶበር–ዲሴምበሩን ያጋንናሉ። ጉልላቱ በተሳሳተ ወር ላይ ከወጣ፣ የዚያን ሞዴል የ2050 የዝናብ ቁጥር በዕቅድ ሰነድ ውስጥ አያስገቡ።

“የመቶ ዓመት ጎርፍ”ን በመቶ ዓመት አንዴ ብሎ መረዳት

ስሙ የሚለው በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ነው። ድልድዩ ለ50 ዓመት ከተሠራ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ራሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከ30 ዓመት መረጃ ነው፤ ያልታየውን 70 ዓመት ቀመሩ ነው የሚሞላው። የምዝገባው ዓመት ብዛት፣ የቀመሩ ዓይነትና ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑ ያልተጻፈበት ስሌት ቱቦ ከመታዘዙ በፊት ወደ አማካሪው ይመለስ።