እንግዳው ሁለት ኮከብ ሰጥቶ ሄደ፤ አሁንስ?

ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ። ቤት ለአጭር ጊዜ በሚከራይበት ኤርቢኤንቢ በሚባለው አፕ ለሦስት ቀን ቤቴን ተከራይቶ የሄደ እንግዳ ሪቪው (ስለ ቆይታው አስተያየት) ጽፏል። ሲወጣ «በጣም አመሰግናለሁ፣ እንደ ቤቴ ነው ያየሁት» ብሎ ሜሴጅ ልኮልኝ ስለነበር ደስ እያለኝ ከፈትኩት። ሁለት ኮከብ። «ቤቱ ጥሩ ነው፤ ግን ደረጃው ይገድላል። ሊፍት እንኳን የለውም።»

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት እንደሌለው ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ የደረጃው ፎቶ ሳይቀር አለ። ደሜ ፈላ። እዚያው አልጋዬ ላይ ሆኜ «ማንበብ ለማይችል ሰው ምን ይደረጋል» ብዬ የጀመርኩትን መልስ ልኬ ተኛሁ። ጠዋት ሳነበው አፈርኩ። ከወር በኋላ ደግሞ አንዲት ሴት ቤቱን ከመያዟ በፊት እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «እንግዳ ላይ ሁሌ እንደዚህ ትቆጣለህ?» ስለ ደረጃው አንድም ነገር አላነሳችም።

ያኔ ነው የገባኝ። መልሳችሁን የሚያነበው ሪቪውን የጻፈው ሰው አይደለም፤ እሱ ሄዷል፣ ረስቷችኋል። የሚያነበው ነገ ቤታችሁን ልያዝ ወይስ ልተው እያለ የሚያመነታው ሰው ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህች ነገር ነው።

ስለዚህ በዚያው ማታ አትመልሱ። ኤርቢኤንቢ ላይ ለሪቪው በይፋ ለመመለስ 30 ቀን አላችሁ፤ ማንም አያሯሩጣችሁም። ንዴቱ ካልወጣላችሁ የስልካችሁ ማስታወሻ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ ተሳደቡ፣ እዚያው ይቅር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ሪቪው ስር የተጻፈ ነገር ደግሞ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ለመጪ ለሂያጁ ይታያል።

በማግስቱ ሪቪውን እንደገና አንብቡትና በትኑት። አንድ ጊዜ የደረሰኝ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ፍራሹ ይደነድናል፣ የሻወሩ ውሃ ይቀዘቅዛል፣ አከራዩ ገንዘብ ብቻ ነው የሚታየው።» የመጨረሻው ስድብ ነው፣ እለፉት። ፍራሹ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ሌላው ያንኑ ፍራሽ አመስግኗል። የሻወሩን ግን ሄጄ ራሴ ሞከርኩት። ሰባት ደቂቃ ቆምኩበት፣ ከዚያ በረዶ ሆነ። ማሞቂያው ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሰው ተከታትሎ ከታጠበ አይበቃም፤ እኔ ደግሞ እዚያ ቤት ታጥቤ አላውቅም ነበር! በሩ ላይ «በሁለት ሰው መሀል 20 ደቂቃ ጠብቁ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃ የጻፈ የለም። ግፍ በሞላበት ሪቪው ውስጥ እንኳን እንዲህ ያለ አንድ እውነት ተሸጉጦ ሊገኝ ይችላል።

ማስጠፋትስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ውሸት ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ማን እውነቱን እንደተናገረ ኩባንያው ቁጭ ብሎ አይዳኝም። ሪቪው የሚነሳው ሕጉን ሲጥስ ነው፦ ከቆይታው ጋር የማይገናኝ ሲሆን፣ ዘረኛ ወይም አስፈራሪ ነገር ሲኖርበት፣ ያልተፈቀደ ድግስ ደግሶ ወይም ንብረት ሰብሮ የተጠየቀ እንግዳ ለበቀል ሲጽፈው፣ ወይም ደግሞ «ግማሹን ገንዘብ ካልመለስክልኝ ኮከብህን ታያለህ» ብሎ ሲያስፈራራ። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ወሬያችሁን ሁሉ አፑ ውስጥ አድርጉት። እንግዳው ከደወለላችሁ ስልኩን ስትዘጉ «ቅድም በስልክ እንዳልከኝ...» ብላችሁ አፑ ላይ ጻፉለት። አቤቱታ ስታቀርቡም የሕይወት ታሪካችሁን አትጻፉ። የተጣሰው ሕግ የቱ ነው፣ ማስረጃው የት ነው፣ በቃ። እናንተም «ሪቪውን ካነሳህ ገንዘብ እመልስልሃለሁ» አትበሉ፤ እሱም ክልክል ነው።

ካልተነሳ መልሱ ላይ እንምጣ። አጭር ይሁን፣ ሦስት አራት መስመር። እንደ ደረጃው ላለው ነገር ዛሬ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ስለመጡ እናመሰግናለን። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት እንደሌለውም ማስታወቂያው ላይ ከነፎቶው ገልጸናል። ሻንጣ ለከበደው እንግዳ መጥተን እናግዛለን።» ክርክር የለውም። የእንግዳውን ጉድ አታውጡ፤ ስንት ሰው ይዞ እንደመጣ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደገባ አትንገሩን።

ሒሳቡንም እወቁት፣ እንቅልፍ ይሰጣል። ሦስት ባለ አምስት ኮከብ ሪቪው ኖሯችሁ አራተኛው ባለ አንድ ኮከብ ቢመጣ አማካዩ 4.0 ይሆናል፤ ያማል። ከ19 ባለ አምስት ኮከብ በኋላ ቢመጣ ግን 4.8 ነው፣ ያውም ኤርቢኤንቢ ለሱፐርሆስትነት፣ ማለትም ለምርጥ አከራዮች ለሚሰጠው ማዕረግ፣ የሚጠይቀው ዝቅተኛ አማካይ። ከ49 በኋላ ቢመጣ 4.92። የሱፐርሆስት ግምገማ ደግሞ በየሦስት ወሩ ያለፉትን 365 ቀናት እያየ ነው የሚደረገው። አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ ዋናው መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ሌላ እንግዳ መቀበል ነው፤ ለጊዜው ዋጋ ቀንሳችሁም ቢሆን።

እናንተም እንግዳውን ትገመግማላችሁ፤ ሁለታችሁም ከቼክ አውት በኋላ 14 ቀን አላችሁ፣ ሁለታችሁም እስክትጽፉ ወይም ቀኑ እስኪያልቅ ድረስ አንዱ የሌላውን አያይም። እንግዳው እንዳያስታውስ ብለው እስከ 14ኛው ቀን ማታ ድምፃቸውን የሚያጠፉ አከራዮች አሉ። እኔም አድርጌዋለሁ። አሁን ሳስበው እንደ ሌባ ሰዓት እየቆጠሩ መቀመጥ ነው፤ የሆነውን ጽፎ መገላገል ይሻላል።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ቅሬታው ሪቪው ሳይሆን ማወቅ ነው። እንግዳው ባደረ በማግስቱ «ደህና አደሩ? የጎደለ ነገር ካለ ዛሬውኑ ላስተካክል» ብላችሁ ላኩ። ሰው ፊት ለፊት መናገር ያፍራል፤ ከተጠየቀ ግን ይናገራል። የቤቱንም ጉድለት ቀድማችሁ እናንተው ጻፉት። እኔ ማስታወቂያውን ቀየርኩና ከላይ በትልቁ «ሊፍት የለም፣ 68 ደረጃ አለ» ብዬ አስገባሁ። ደረጃውን የሚጠላ ሌላ ቤት ይያዝ።

ባለፈው አንዱ አምስት ኮከብ ሰጥቶ ስሩ እንዲህ ጽፏል፦ «ቆጠርኩት፤ 67 ነው።» ወርጄ ቆጠርኩ። ልክ ነው።