«ሬዚደንት ኢቪል፦ አፖካሊፕስ» እና ክፍል ሁለት ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቪዲዮ ጌም የተቀዳው የ«ሬዚደንት ኢቪል» ፊልም ክፍል ሁለት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ሬዚደንት ኢቪል፦ አፖካሊፕስ»፣ በገንዘብ አልከሰረም። 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከዓለም ሲኒማ ቤቶች ወደ 129 ሚሊዮን ሰብስቧል፤ ይህም ከ2002ቱ ክፍል አንድ ይበልጣል። ሐያሲዎቹ ግን አብጠለጠሉት፤ ጌሙን እየተጫወተ ያደገው ተመልካችም ብዙው ቅር እያለው ወጣ። «የዞምቢ ፊልም ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ፊልሙ የወደቀባቸው ቦታዎች በጣት የሚጠቆሙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከዞምቢ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የተወደደ ሥራ ይዞ ክፍል ሁለት ሊጽፍ የተነሳ ሰው ቀድሞ ቢያያቸው ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ልብሱን ወስዶ ፍርሃቱን መተው

ትልቁ ስህተት ይኸኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የጃፓኑ ካፕኮም በ1996 ለፕሌይስቴሽን ያወጣውና ሺንጂ ሚካሚ የመራው የመጀመሪያው ጌም ከጭራቆቹ መልክ ይልቅ በእጥረቱ ነው የሚያስፈራው። ጥይት እየተቆጠረ ነው የሚተኮሰው። ዕቃ መያዣው ቶሎ ስለሚሞላ ተጫዋቹ መሣሪያውን ልያዝ ወይስ መድኃኒቱን እያለ ይብሰለሰላል። የደረሰበትን ሴቭ ለማድረግ እንኳ ለጽሕፈት መኪናው ሪባን መፈለግ አለበት፤ ሪባኑም ያልቃል። ካሜራው ጥግ ላይ ተተክሎ ስለሚቀር ከኮሪደሩ ማዶ የሚጎተት እግር ይሰማል እንጂ አይታይም። በር በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ስክሪኑ ይጨልምና በሩ ብቻውን ቀስ እያለ ሲከፈት ያሳያል። ነገሩ ማሽኑ ቀጣዩን ክፍል ጭኖ እስኪጨርስ ማቆያ ነበር፤ ለተጫዋቹ ግን ከበሩ ጀርባ ምን እንደሚጠብቀው እያሰበ የሚሳቀቅባት ጊዜ ሆነች።

አፖካሊፕስ በአመዛኙ የተቀዳው በ1999 ከወጣው ሦስተኛው ጌም ነው። እዚያ ኔመሲስ የተባለው ግዙፍ ፍጡር ጂል ቫለንታይንን በፈራረሰችው ራኩን ሲቲ መንገድ ለመንገድ ያሳድዳታል። ሌላው ጭራቅ በር ዘግተውበት ሲወጡ እዚያው ይቀራል፤ እሱ ግን ከፍቶ ይከተላል። መዋጋት ይቻላል፣ ግን የተጠራቀመችው ጥይት እሱ ላይ ታልቃለች። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሻለው እግሬ አውጪኝ ማለት ነው።

ፊልሙ ከዚህ ሁሉ ምን ወሰደ? የጂልን ልብስ። ትከሻ አልባውን ቶፕና አጭር ጉርዷን ከጌሙ ላይ አንድ በአንድ ቀድቶታል። ኔመሲስንም ሮኬትና መትረየስ አስታጥቆ በደንብ አስመስሎ አቅርቦታል። ጥይት ያልቅብኛል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። የጌም ታሪክ የሚወርስ ሰው መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን ይዞ ሳለ እጁን ያላበው ምን ነበር የሚለውን ነው።

አክተሯን የማትነካ ማድረግ

ክፍል አንድ ላይ በሚላ ጆቮቪች የተሠራችው አሊስ ስሟን እንኳ ሳታስታውስ ትነቃለች፤ ተመልካቹም ነገሩን ከእሷ እኩል ነው የሚደርስበት። ክፍል ሁለት ላይ አምብሬላ የተባለው ኩባንያ ሰውን ዞምቢ በሚያደርገው ቫይረሱ ሰውነቷን ለውጦታል፤ ከሰው በላይ ሆናለች። ይህ ምን እንዳበላሸ ለማየት የቤተ ክርስቲያኑ ትዕይንት ይበቃል። ጂልና አብረዋት ያሉት በጨለማ ቤተ ክርስቲያን ተጠልለዋል፤ ሊከር የሚባሉት ምላሰ ረጃጅም ፍጡሮች በጨለማው ውስጥ ከበዋቸዋል። ከፊልሙ ሁሉ ለጌሙ የቀረበ ትዕይንት ካለ ይኼ ነው። ጭንቀቱ ሊጠብቅ ሲል ግን አሊስ ባለቀለሙን መስታወት ሰብራ በሞተር ሳይክል ትገባለች፣ ከላዩ ትዘላለች፣ ሞተሩን ወደ ጭራቁ ትለቀዋለች፣ ተኩሳም ታፈነዳዋለች። የሰፈር ቪዲዮ ቤት ቢሆን ፉጨቱ ይቀልጥ ነበር፤ እኔም ትዕይንቱን ለብቻው ብጠየቅ አልጠላውም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ለማንም የሚፈራ ተመልካች አለመኖሩ ነው። ቆይታ ከረጅም ፎቅ ግድግዳ ላይ ቁልቁል ስትሮጥ «ትወድቅ ይሆን?» የሚል አይገኝም። አክተር እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን። የጸሐፊው ሥራ ግን ይህንኑ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ማስረሳት ነበር።

በዚህ ከሁሉ የተጎዳችው ጂል ናት። በጌሙ ባለታሪኳ እሷ ስትሆን እዚህ አሊስ በመጣች ቁጥር ወደ ዳር ትገፋለች። ኒኮላይ የተባለው ወታደር የባሰ ነው፤ በጌሙ የገዛ ጓዶቹን እያስጨረሰ መረጃ የሚሰበስብ አደገኛ ከሃዲ ነበር፣ በፊልሙ ግን ማንነቱን እንኳ ሳንለየው የውሻ እራት ሆኖ ያልፋል። የተዘጋጀ ባለጋራ እጅ ላይ እያለ መጣል ምን የሚሉት ብክነት ነው?

ሳያስለቅሱ አልቅሱ ማለት

ኔመሲስ ማን ነው? ማት ነው፤ ክፍል አንድ መጨረሻ ላይ ከአሊስ ጋር ከምድር ቤቱ ላብራቶሪ የወጣው፣ ገላው መለወጥ ሲጀምር የአምብሬላ ሰዎች የወሰዱት ሰው። ሐሳቡ ከጌሙም የተሻለ ነው፤ ወዳጅህ ጭራቅ ሆኖ ሲመጣ ከማየት የከፋ ነገር የለም። ነገር ግን የሁለቱን ቅርበት በዚህኛው ክፍል ማንም አልገነባውም፤ ክፍል አንድን ያላየ ሰው አሊስ ለምን እንደምታዝን አይገባውም። በዚያ ላይ ሁለቱ የሚገናኙት የቦክስ ግጥሚያ ላይ ነው። ሜጀር ኬን የተባለው የአምብሬላ አለቃ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ልይ ብሎ በቡጢ ያጋጥማቸዋል። ሲያሳድድ የሚያስፈራ ፍጡር ቆሞ ሲቦክስ ተራ ሰው ይሆናል። የኔመሲስ ተዋናይ የለበሰው ልብስ ከባድ ስለሆነ ካሜራው ቀርቦ በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ ሊደብቀው ይሞክራል፤ ማን ማንን እንደመታ መለየት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ስለ ዳይሬክተሩ አንድ ነገር። የክፍል አንዱ ዳይሬክተር ፖል ደብሊው ኤስ አንደርሰን ስክሪፕቱን ጽፎ ሌላ ፊልም ሊመራ ሄደ። ቦታውን የተረከበው አሌክሳንደር ዊት በትልልቅ ፊልሞች ላይ የሁለተኛ ቡድን (በዋናው ዳይሬክተር ፈንታ የተኩስና መሰል ትዕይንቶችን የሚቀርጸው ቡድን) ዳይሬክተር ሆኖ ይሠራ የነበረ ሲሆን ሙሉ ፊልም ሲመራ የመጀመሪያው ነበር። ተኩስና ፍንዳታ መቅረጽ አላቃተውም። ከተኩሱ በፊት የሚያስፈልገውን ጸጥታ ግን ለማንም አልሰጠም።

ታሪክን በስልክ መንዳት

ዶክተር አሽፎርድ የተባሉ ሳይንቲስት በከተማው ካሜራዎች እያዩ ለባለታሪኮቹ የመንገድ ስልክ ላይ ይደውላሉ፤ ልጄን አንጀላን ካዳናችሁ መውጫውን አሳያችኋለሁ ይላሉ። በጌም «እዚህ ሂድ፣ ይህን አምጣ» የሚል ትእዛዝ ይሠራል፤ የሚሄደው ተጫዋቹ ራሱ ነውና። ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን ሌላ ሰው ሲታዘዝ ማየት ነው። ባለታሪኮቹ አንድም ጊዜ ራሳቸው አስበው መንገድ አያገኙም።

የራስን ሕግ መርሳት

መቃብር ቦታ ሲደርሱ የተቀበሩ ሙታን አፈር ፈንቅለው ይወጣሉ። እስከዚያ ድረስ ያየነው ንክሻ ነበር። እነዚህን ማን ነከሳቸው? ፊልሙ ምንም ሳይል ያልፋል።

«ጌሙን አልመሰለም» ብሎ መደምደም

ይህኛው የእኛ የተመልካቾች ስህተት ነው። አሊስ በጌሞቹ ውስጥ የለችም፤ ክፍል አንድ ግን እሷን ይዞ ከአፖካሊፕስ የተሻለ ፊልም ነው። ወታደሮቹ ኮሪደር ውስጥ በሌዘር የሚከታተፉበት ትዕይንትም የፊልሙ ፈጠራ ነበር፤ በ2005 የወጣው አራተኛው ጌም ይህንኑ መልሶ ወሰደው። መፍጠር ነውር አይደለም። አፖካሊፕስ እንዲያውም ከጌሙ ብዙ ቀድቷል፤ የቀዳው የማይጠቅመውን ነው።

መጨረሻውን የቀጣዩ ክፍል ማስታወቂያ ማድረግ

ክፍል አንድ ሲያልቅ አሊስ በሕክምና ካባ ባዶ መንገድ ላይ ወጥታ ከተጣለ የፖሊስ መኪና ጠብመንጃ ታነሳለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም ባይሠራ እንኳ ያ መጨረሻ ሙሉ ነበር። አፖካሊፕስ በአንጻሩ ከተማዋ በኒውክሌር ከጠፋች በኋላም አያበቃም፤ አሊስ ትሞታለች፣ ላብራቶሪ ውስጥ ትነቃለች፣ ጂልና ካርሎስ የተባለው ወታደር ከትንሿ አንጀላ ጋር መጥተው ይወስዷታል፣ አምብሬላም ሆን ብሎ ይለቃታል። ገና ምን ታይቶ እየተባለ ነው የሚያልቀው። በ2007 ሦስተኛው ክፍል ሲመጣ ጂልም አንጀላም አልነበሩም። ጂል ብቅ ያለችው በ2010 በአራተኛው ክፍል ማብቂያ ላይ ነው፤ ፊልሙ በሙሉ የተሮጠላት አንጀላ ግን የት እንደገባች በቀሩት ፊልሞች የጠየቀ የለም።